ከኬላው በፊት አልወርድም

ደብረ ወርቅ ላይ ቆሞ ወደ ቢቸና ለሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት መኪና ነበር። አንደኛው ከሞጣ ተነስቶ በጉንደ ወይን በኩል የሚመጣው ነው፤ እሱ ሞልቶ ይመጣል። ሁለተኛው ከራሳችን መናኸሪያ የሚነሳው ነው፤ እሱ ካልሞላ አይነሳም። አንዱ ስለሞላ አይጭንሽም፣ ሌላው ስላልሞላ አያደርስሽም። እኔ በእነዚህ በሁለቱ መሃል እየተላጋሁ ጠዋት ጠዋት ሥራ መግባት ነበረብኝ።

ሥራዬ ቢቸና ውስጥ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቷል። ከዚያ ቤት ተቀምጬ ስንት ሰው «አይዞሽ» እንዳለኝ እኔና ጆሮዬ እናውቃለን። አይዞሽ መባል አልወድም። ይህ ሥራ ሲገኝ በሁለት እጄ ያዝኩት። በሽተኛው በመስኮቷ በኩል ስሙን ከነአባቱ ይነግረኛል፣ እኔ ካርዱን ከመደርደሪያው ፈልጌ ወደ ውስጥ አቀብላለሁ። ቀላል ነው የሚል ሰው ይምጣና ይሞክረው። በእኛ አገር በአንድ ስም የሚጠራው ሕዝብ ብዛቱ! ሐኪሙ ቢኖር፣ መድኃኒቱ ቢኖር፣ እኔ ከሌለሁ በሽተኛው ደጅ ላይ እንደተኮራመተ ይቀራል።

የክሊኒኩ ኃላፊ ፀጉራቸው የሸበተ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነበር የምንላቸው። ሲቀጥሩኝ ብዙ አላወሩም።

«መስኮቷ በሁለት ሰዓት ተኩል ትከፈታለች» አሉኝ። «የመጣሽበት መንገድ የራስሽ ጉዳይ ነው። የሙከራ ጊዜሽ ሳያልቅ ማርፈድ ካበዛሽ ግን ወንበሩን የሚፈልግ ሞልቷል፤ እወቂው።»

«እዚያው ለምን አትከራዪም?» የማይለኝ ሰው አልነበረም። ደመወዜ ወይ ያከራየኛል ወይ ያበላኛል እንጂ ሁለቱን ባንድ ላይ የሚያደርግ አልነበረም። አባቴ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው፤ ቃል ሲመርጡ እንደ እህል ነው የሚያበጥሩት። ማታ አቧራ ለብሼ ስገባ አዩኝና «ሰው ቢሮ ነው የሚሠራ፤ አንቺ መንገድ ላይ ነው የምትሠሪ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «የወንድምሽ ሱቅ ውስጥ ባዶ በርጩማ አለ» ጨመሩ። የወንድሜ ሱቅ ማለት ሳሙናና ክብሪት እያቀበሉ ከባንኮኒ ጀርባ ማርጀት ማለት ነው። ሥራውን ካጣሁ የሚጠብቀኝ እሱ ነበር። ስለዚህ ያቺን መስኮት ላለማጣት ማንኛውንም ነገር ለማድረግ ቆርጬ ነበር። ማንኛውም ነገር ያልኩት ምን ምን እንደሆነ ቆይቼ ነው ያወቅሁት።

መጀመሪያ የእኛ መናኸሪያ መኪና እንዴት «እንደሚሞላ» ልንገራችሁ። በሩ ላይ ስትደርሺ ውስጡ ሰው ነው። አንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ያንቀላፋል፣ አንዱ በስልክ ስለ ጤፍ ዋጋ ይጨቃጨቃል፣ ሌላው መስኮት ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል። ተራ አስከባሪው «አንድ ሰው ብቻ! ሊነሳ ነው!» እያለ ይጮኻል። ደስ ብሎሽ ትገቢያለሽ። ገና ከመቀመጥሽ ባለ ጋቢው ይነቃና ይወርዳል። ሌላ ሰው ሲገባ ባለ ስልኩም ጨቅጭቆ ሳይጨርስ ይወርዳል። ለካ ሁሉም መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ የመናኸሪያው ሰዎች ናቸው። እውነተኛዋ ተሳፋሪ አንቺ ብቻ ነሽ። ከዚያ ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ቆርቆሮው ይግላል፣ መኪናውም አንቺም እዚያው ናችሁ።

አንድ ቀን በዚህ ተታልዬ አረፈድሁ። ሲስተር ሰዓታቸውን አሳዩኝ። ይበቃኛል ብዬ መናኸሪያውን ረገምሁት።

ቢቸና የሚሠራ የደብረ ወርቅ ሰው ሁሉም እንደኔ ረግሞታል። ሁላችንም በጉንደ ወይን መውጫ በኩል መንገድ ዳር ተበትነን የሞጣውን መኪና እንጠብቅ ነበር። አንዱ ካለበት ትንሽ ወደ ላይ ይሄዳል፤ መኪናውን ቀድሞ ለመያዝ ነው። ሌላው ያይና እሱን አልፎ ይቆማል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አልፌ እቆማለሁ። እንዲህ ስንቀዳደም አንድ ጠዋት ጉንደ ወይን በእግራችን እንገባለን ብዬ እፈራ ነበር።

የሞጣው ሲመጣ ረዳቱ ግማሽ ገላው በመስኮት ወጥቶ ነው። ጢሙ የጎፈረ፣ ድምፁ የጎረነነ ጎልማሳ ነበር። «ወንበር የለም! ትርፍ የሚሄድ ይግባ!» ትርፍ ማለት በወንበሮቹ መሃል በምትቀመጥ በርጩማ ላይ፣ ጉልበትሽን አገጭሽ ሥር አስገብተሽ፣ የሰው ዶሮ እግርሽን እየነከሰሽ መሄድ ነው። ሒሳቡ ግን ወንበር ላይ ከተቀመጠው እኩል ነው። ከእኔ አጠገብ ዘወትር የሚቀመጡት አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ቢቸና የሚያስተምሩ፣ የጡረታቸውን ቀን የሚጠብቁ፣ ረጅም ሰው። ያን ቁመት በርጩማ ላይ ሲያጥፉት ማየት ያሳዝናል።

መከራው በዚህ አያበቃም። ቢቸና መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ የሚቆምበት ኬላ አለ። ከኬላው ቀደም ብሎ ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ መኪናው ይቆማል።

«ትርፎች፣ ውረዱ! በእግር እለፉና ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ እንገናኝ።»

እንወርዳለን። ዝም ብለን ተሰልፈን ብናልፍ ያስነቃል ተብሎ ረዳቱ ዘዴ አውጥቶልናል፦ የነጠላችንን ጥለት ወደ አንገታችን ገልብጠን፣ ቀብር እንደሚሄድ ሰው አቀርቅረን እንድናልፍ። ቀብርተኛን ማን ያስቆማል? ፖሊሱ አንገቱን ሰበር ያደርግልናል፣ እኛ ሐዘናችንን ይዘን እናልፋለን፣ ከማዶ መኪናችን ውስጥ ገብተን ነጠላችንን እናቃናለን። መምህሩ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ «ደግሞ ዛሬ ማን ሞተብን?» ይሉኛል። እስቃለሁ። ያኔ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ግን የምር ሰው ሞተ።

እንደ ልማዳችን ወርደን፣ ነጠላ ገልብጠን፣ አቀርቅረን ኬላውን አለፍን። የቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከገጠር የመጣ አስከሬን በቃሬዛ ተይዞ፣ ሕዝብ ተከትሎት፣ ፊት ለፊታችን ብቅ አለ። በእኛ አገር አስከሬን ያጋጠመው ሰው አቋርጦ አይሄድም። ቆሞ ያሳልፋል፣ ጥቂትም ቢሆን ይሸኛል። መንገደኛ ብንመስል ኖሮ ጥቂት ሸኝተን በተመለስን ነበር። እኛ ግን ከእግር እስከ ራስ ለቀብር ለብሰናል!

«መጡ፣ እነዚህም ደረሱ!» አለ አንድ ሰው። «እግዜር ይስጣችሁ፣ ከሩቅ ነው የመጣችሁ!»

ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ደክሞት ኖሮ የመምህሩን ቁመት አየና «ጋሼ፣ ትከሻዎን» አላቸው። መምህሩ እኔን አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ምን ይበሉ? «ትርፍ ተሳፋሪ ነኝ» ይበሉ? ቦርሳቸውን ሰጡኝና ትከሻቸውን ከቃሬዛው ሥር አገቡ። ቁመታቸው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ ክብደቱ ሁሉ እሳቸው ላይ ነው የወደቀው።

እኔን ደግሞ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ አንገቴን አቅፈው አለቀሱብኝ። ትንሽ ሲረጋጉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አንቺ በማን በኩል ነሽ?»

«በመንገድ በኩል» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልመጣልኝም።

«እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» ብለው መልሰው አቀፉኝ።

ከማዶ የሚኒባሱ ጥሩምባ ይሰማል። ደጋግሞ ነፋ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ፣ ድምፁ እየራቀ ሄደ። የከፈልኩበት መኪና ነው የሄደው። አለቀስሁ። ሟቹን አላውቃቸውም፤ ነፍሳቸውን ይማርና ያለቀስሁት ለመስኮቷ ነበር።

ፍትሐቱ ሲጀመር ነው ሾልከን የወጣን። ክሊኒኩ ስደርስ ሲስተር ራሳቸው ካርድ ክፍል ገብተው፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ መደርደሪያዬን እያተራመሱ ነበር። ውጭ በሽተኛው እርስ በርሱ ይጋፋል።

«የት ነበርሽ?»

«ቀብር።»

ፊታቸው ትንሽ ለዘብ አለ። «የማን?»

«አላውቃቸውም።»

ለዘብ ያለው ተመልሶ ጠጠረ። የሆነውን ከበርጩማው ጀምሬ እስከ ቃሬዛው ነገርኳቸው። ከንፈራቸው ሳቅ ሊያመልጠው ሲል አየሁት፤ ግን ጠንካራ ሴት ናቸው፣ ዋጡት።

«ስሚ» አሉኝ። «እነዚህ ውጭ የቆሙት አንቺ በርጩማ ላይ ተቀመጥሽ፣ ሰው ቀበርሽ፣ አያገባቸውም። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ካረፈድሽ አትምጪ። ቀብርም ይሁን ሰርግ።»

አልተከራከርኩም። እውነታቸውን ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ካርድ ሳወጣ ሒሳቡን ሳሰላ ዋልሁ። ሙሉ ሒሳብ ከፍዬ በርጩማ ላይ የምቀመጥ እኔ። ወርጄ የምሄድ እኔ። ያልሞተብኝን የማለቅስ እኔ። የምባረረውም እኔ! ባለ መኪናው በየት በኩል ነው የሚነካው?

ማታ ስንመለስ ለመምህሩ «ነገ ባሕር ዛፉ ጋ አልወርድም» አልኳቸው።

ትከሻቸውን እያሹ «ተይ ልጄ፣ ጎመን በጤና» አሉኝ።

«ጎመንም እኮ ተጭኖ ነው የሚገባ መምህር። ኬላ ሲደርስ ውረድ አይሉትም።»

በማግስቱ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥሁ። ባሕር ዛፉ ጋ መኪናው ቆመ። «ትርፎች፣ ውረዱ!» መምህሩ ወረዱ፣ ሌሎቹም ወረዱ። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ ተቀመጥሁ።

«አንቺ፣ አልሰማሽም?» አለ ረዳቱ።

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«ቢቸና ድረስ ነው የከፈልሁት። ቢቸና አልደረስንም።»

«ኧረ በማርያም!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ሥራ ያለሽ? ወርደሽ አትገላግዪንም?»

«ወንበርሽን ስጪኝና አንቺ ውረጂ» አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንዱ ሽማግሌ «የዘንድሮ ልጅ አፏ» አሉ፤ ሌላው ሳቀ። ረዳቱ ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ አየሁት፣ እጁን መለሰ። ሾፌሩ ሰዓቱን ተመለከተና «ተዋት፣ ጎንበስ ትበል» ብሎ ነዳ።

ጎንበስም አላልሁ።

ፖሊሱ በሩን ከፈተ። በመሃል መተላለፊያው ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። ዓይኑ ከእኔ ወደ ነጠላዬ ሄደና ቆየ።

«በየቀኑ ቀብር የምትሄጂው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ዛሬ ማንም አልሞተም?»

«አልሞተም።»

ከመኪናው ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ለካ ሲያውቅ ኖሯል! በየማለዳው አንገቱን የሚሰብርልን እያወቀ ነው። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ዝም ብሎ ማሳለፍ አልቻለም፤ ሰው ሁሉ እያየው ነው። ሾፌሩን ቀጣው። እኔንም «ትርፍ ነሽ፣ ውረጂ» አለኝ።

«ትርፉ እኔ አይደለሁም፤ በርጩማው ነው» ብዬ ወረድሁ። ከኬላው ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም፤ እየሮጥሁ ገባሁ። መስኮቷን በሰዓቷ ከፈትኋት።

ደስታዬ አንድ ቀን አላደረም። በነጋታው መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ የሞጣው መጣ። ረዳቱ እንደ ልማዱ በመስኮት ወጥቷል። እኔን ሲያይ ጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ።

«ዛሬ ለቅሶ የለም! በእግርሽ ነይ!» ብሎ አለፈኝ። ከእኔ በታች የቆሙትንም ሳይጭን ነው ያለፈ፤ እንዲጠሉኝ መሆኑ ነው። ተሳካለትም። አንዱ «ያንቺ ጀግንነት እኛን አስቀረን» አለኝ። መምህሩ ብቻ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ከኋላው የሚመጣው ሌላ መኪና መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ቢመጣም ሞልቶ ነው።

እዚያ አቧራ ውስጥ ቆሜ ወደ ታች ወደ መናኸሪያው አየሁ። የእኛው ሚኒባስ ባዶውን ተገትሯል፤ ውስጡ ባለ ጋቢው ያንቀላፋል። ወደ ላይ አየሁ፤ ቢቸና የሚገባ ሠራተኛ በየባሕር ዛፉ ሥር ተበትኗል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ መኪና የማይሞላው እኛ እዚህ ስለቆምን ነው። እኛ እዚህ የቆምነው ያ መኪና ስለማይሞላ ነው! በየግላችን እየገባን ነው እነ ባለ ጋቢው የሚጫወቱብን። ሁላችንም ባንዴ ብንገባስ?

«መምህር፣ መናኸሪያ እንግባ።»

«ያንን የሚያንቀላፋውን ልታጅቢው?»

«ሁላችንም። ባንዴ። ሲያየን የሚወርደው እሱ ነው።»

«ባይሞላስ? የሚቀጥለው የሞጣውም ያመልጠናል።»

ልክ ናቸው፤ ካልሞላ እኔ ወንድሜ ሱቅ ነኝ። በልቤ ያንን በርጩማም አየሁት። ከበርጩማ ወደ በርጩማ!

«ካልሞላ የምባረረው እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እርስዎስ ትከሻዎን አያስቡለትም? ቃሬዛው አልበቃዎትም?»

መምህሩ ለረጅም ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ቦርሳቸውን አነሱና በዚያ ክፍል ውስጥ በሚጮኹበት ድምፅ ወደ ላይ ተጣሩ፦ «እናንተ እዚያ ማዶ ያላችሁ! ኑ፣ ውረዱ!» መምህር ሲጠራ እምቢ የሚል የለም፤ ግማሹን አስተምረውታል። የጠላኝም እየተነጫነጨ መጣ።

መናኸሪያው ደጃፍ ላይ ስንታይ ተራ አስከባሪው «አንድ ሰው ብቻ!» የሚለውን ጀምሮ አፉ ላይ ቀረ። በሩን ከፈትሁ።

«ጋሼ፣ ይንቁ» አልሁት ባለ ጋቢውን። «የሚሄዱ ከሆነ ሒሳብ ያውጡ፤ የማይሄዱ ከሆነ ሰው መጥቷል።»

ጋቢውን ሰብስቦ ወረደ። ባለ ስልኩ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ወረደ። ተራ አስከባሪው «ቆይ፣ ተራ አለው! ሥርዓት አለው!» ይላል።

«ሥርዓቱ ሲሞላ መነሳት ነው አይደል?» አልኩት። «ሞላ።»

ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ሁለት ሰው ተረፈ። ሾፌሩ በርጩማዋን ከወንበር ሥር ሲጎትት አየሁትና እግሬን አደረግሁባት። ለሁለቱ «ነገ እናንተ ቀድማችሁ ትገባላችሁ፤ እኔ መጨረሻ እገባለሁ» አልኳቸው። አንዱ ሰደበኝ፤ ቢሰድበኝ ልክ ነው። ቃሌን ግን በነጋታው ጠብቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ማለዳ እንዲህ ሆነ ብዬ አልዋሽም። የገበያ ቀን መኪናው ለነጋዴ ይሄዳል። ጥር ሲገባ ሰርገኛ ጭኖ ይጠፋል፤ እኛ የእህል መኪና ላይ ጆንያ ተደግፈን የገባንበት ጊዜ አለ። የሞጣው ረዳትም እስከ መጨረሻው አልጫነኝም፤ እኔም ቁም ብዬው አላውቅም። መንገድ ዳር ተበትኖ መቆም ግን ቀረ። መናኸሪያው ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ የሚያንቀላፋ ሰውም ከእኛ ሰዓት በፊት ቦታ መቀየር ተማረ።

መኪናውን ባንዴ የሞላንበት ያን የመጀመሪያ ጠዋት ግን ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ከልማዱ የተነሳ ፍሬኑን ነካው። «ንዳው» አሉ መምህሩ ከኋላ። ኬላው ላይ ፖሊሱ በሩን ከፍቶ አንድ በአንድ አየን። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ነጠላዬ ጥለቱ ወደ ታች ነበር። በሩን ዘጋው።

ክሊኒኩ ስገባ ሲስተር የመስኮቷን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ደጁ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው በሽተኛው ተሰልፏል። ሰዓታቸውን አዩ፤ መልሰው አዩት።

«ዛሬ ደግሞ እንዴት መጣሽ?»

«ተቀምጬ» አልኳቸው።

ቁልፉን ሰጡኝ።